ዘጠኝ ወንበርና አንድ ሻንጣ

ዩለስ፣ ጎህ ሲቀድ

ቅዳሜ ነው፤ መጋቢት፣ በፈረንጆቹ ዘጠና ስድስት። ሁዳዴ ከተያዘ ሰንብቷል። እዚህ ቴክሳስ፣ እኛ ሰፈር ዶሮ አይጮኽም፤ አያስፈልግምም። ኤርፖርቱ አጥራችን ሥር ስለሆነ የመጀመሪያው አውሮፕላን ጣራችንን በሆዱ ዳብሶ ሲያልፍ ቁም ሳጥን ውስጥ የተሰቀለ ኮት ሳይቀር ይነቃል። እዚህ ከገባሁ ወዲህ አንድ ዓረፍተ ነገር ሳልቋረጥ የጨረስኩበት ቀን ትዝ አይለኝም። ባለቤቴ አልማዝ ስለዚህ ውለታቸው አየር መንገዶቹን ታመሰግናለች።

ወደ ታክሲዬ ስወርድ ከላያችን የሚኖሩት ጋሽ ደምሴ ቀድመውኝ ቆመዋል። ጥቁር ሱፍ ለብሰው፣ ነጠላቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው፣ በቀኝ እጃቸው በቀበቶ የታሰረ ቡናማ ሻንጣ ይዘዋል። ጋሽ ደምሴ ኤርፖርት ሻንጣ ጫኝ ናቸው። የዓለምን ግማሽ ሻንጣ አንስተው ያወረዱ ሰው ስለሆኑ ሻንጣ ከብዷቸው አይቼ አላውቅም ነበር። ይኸኛው ግን ትከሻቸውን ወደ አንድ ጎን ጎትቶታል። ትራንኩን ብከፍትላቸው እምቢ ብለው ከኋላ ወንበር ላይ እንደ ሰው አስቀመጡትና እሳቸው ከፊት ገቡ።

ሻንጣው ውስጥ ያለው የልጃቸው የራሄል ዕቃ ነው፤ የልጅነት ልብሷ፣ የትምህርት ቤት ሽልማቶቿ፣ ዩኒቨርሲቲ ስትገባ ትታው የሄደችው ሁሉ። የዛሬው መንገድ ዓላማ አንድ ነው፤ ሪቻርድሰን ሄዶ የዶርሟን በር አንኳኩቶ፣ ሻንጣውን አስረክቦ፣ "ከእንግዲህ ቤቴ አትምጪ" ብሎ መመለስ። ይህን ሐሙስ ዕለት ሲነግሩኝ ድምፃቸው ነገ ይዘንባል እንደሚል ሰው ነበር። ቢቆጡ ኖሮ አልፈራም ነበር።

የጠቡ ነገር እንዲህ ነው። ሪቻርድሰን ማለት ከሰው ይልቅ የስልክና የኮምፒውተር መሥሪያ ቤት የበዛበት ከተማ ነው። እዚያ መሀል ተቀምጣ ራሄል የምታጠናው ኮምፒውተር ሳይሆን ከክርስቶስ ልደት በፊት ጀምሮ የሚከራከሩ የህንድ ፈላስፎችን ነው። ከወር በፊት ፋርመርስ ብራንች ባለ አንድ የህንዶች አዳራሽ ንግግር አደረገች። ያን ዕለት አዳራሹ ደጅ የሰው መኪና ፓርክ የሚያደርግ አንድ የቤተ ክርስቲያናችን ሰው በመስኮት ሲያዳምጥ ነበረና፣ በማግስቱ ከቅዳሴ በኋላ ወሬው ከጠበሉ ቀድሞ ደረሰ። የጋሽ ደምሴ ልጅ ሰው ፊት ቆማ አምላክ የለም፣ ነፍስ የለችም፣ በሕይወት ሳላችሁ ቅቤ ጠጡ ብላለች ተባለ።

ቅቤ። በሁዳዴ።

አምላክ የለም ማለቷን የተማሪ ቅብጠት ነው ብለው ያልፉት ይሆን ነበር ብዬ አስባለሁ። ቅቤው ግን አጥንታቸው ድረስ ገባ። ያንኑ ቀን ኮል አድርገው "ብለሻል ወይስ አላልሽም?" አሏት። ራሄል ውሸት የማይሆንላት ልጅ ናት፤ "ብያለሁ፤ ማለቴ . . ." ስትል ስልኩን ዘጉት። ከዚያ ወዲህ ወር ሙሉ አልተነጋገሩም።

አልማዝ የራሄል የክርስትና እናት ናት። የራሄል እናት ሱዳን፣ ስደት ላይ ሳሉ ስላረፈች፣ አልማዝ ከቃል ኪዳኑ በላይ እናት ሆናታለች። ዛሬ ሆስፒታል ተረኛ ናትና ከመሄዷ በፊት በሹክሹክታ አዘዘችኝ። ራሄል ደውላ የነገረቻትን እሷና እኔ ብቻ እናውቃለን፤ ልጅቱ ዛሬ ከቀትር ጀምሮ ዶርም ሳይሆን ያው አዳራሽ ናት፤ ጋሽ ደምሴን እዚያ ድረስ ማምጣት የእኔ ሥራ ነው። "ሳታስታርቅ ብትመለስ ሶፋው ላይ ትተኛለህ" አለችኝ። ሶፋችን አንድ እግር የለውም።

አርቪንግ፣ ፀሐይ ስትወጣ

ከዩለስ ሪቻርድሰን በቅዳሜ ጠዋት መንገድ አንድ ካሴት ሁለቱን ገጽ ሳይጨርስ ያደርሳል። እኔ ግን መንገዱን እስከ ቀትር ማስረዘም ነበረብኝ። ስለዚህ ገና አርቪንግ ስንደርስ ሞተሩ ጋለ ብዬ ነዳጅ ማደያ ገባሁ። ሞተሩ እንደ እመቤት ጓዳ ቀዝቃዛ ነበር። ኮፈኑን ከፍቼ ያልላሉትን ቡሎኖች ሁሉ አላላሁ፤ ከዚያ መልሼ አጠበቅኳቸው። ጋሽ ደምሴ የወረቀት ኩባያ ቡና ይዘው አጠገቤ ቆመው አዩኝና፣ "አንተ ቀጣፊ፣ መኪናህ ምንም አልሆነችም" አሉኝ።

"ምልክት እያሳየች ነው፣ ጋሽ ደምሴ።"

"ምልክት የምታሳየው አንተ ነህ።"

ከዚያ ወዲያ አልተከራከሩኝም። ከመንገዱ ዳር ሣሩ ውስጥ ሰማያዊ የዱር አበባ ወጥቷል፤ በየሽቦው ላይ ጥቁር ወፎች ተደርድረው ዘይት ያልነካው የበር ማጠፊያ ይመስል ይንጫጫሉ። ጋሽ ደምሴ ወፎቹን እያዩ፣ በልጅነታቸው ጎንደር ዲያቆን ሳሉ ስለነበሩት አንድ መምህር አወሩኝ። ሲናገሩ ግን ሐሳባቸው ሌላ ቦታ ነበር። ድንገት አቋርጠው፣ "መጀመሪያ አንገቷን ነው የማየው" አሉ። "ማተቧን በጥሳው ከሆነ ሌላ ንግግር አያስፈልግም። ሻንጣውን አስቀምጬ እመለሳለሁ።"

እኔ ቀልድ ጠፍቶብኝ አያውቅም። እዚያ ማደያ ግን አጣሁ።

ሪቻርድሰን፣ ረፋዱ ላይ

ሰባ አምስት ቁጥር መንገድ እየተቆፈረ ነው። ከተማው ይህን መንገድ መቆፈር የጀመረው ከኖኅ መርከብ በፊት ይመስለኛል፤ የሚያልቀው ደግሞ ከዳግም ምጽአት በኋላ ነው። በብርቱካናማ በርሜሎች መሀል እየተሳብን ዩኒቨርሲቲው ደረስን። ለሰው እንጂ ለጥላ ያልታሰበ ግቢ ነው፤ ሲሚንቶ፣ ሲሚንቶ፣ አልፎ አልፎ ዛፍ ለመሆን የሚሞክር ችግኝ።

የዶርሙን በር የከፈተችው አብራት የምትኖር ህንድ ልጅ ናት፤ ስሟ ፕሪያ። ነጠላውንና ሻንጣውን ስታይ ገባት መሰለኝ፣ "አባዬ?" አለች በራሄል አጠራር። ጋሽ ደምሴ ደነገጡ። ራሄል የለችም፣ በጠዋት ወደ አዳራሹ ሄዳለች፣ ስትል ግን የሰሟት አይመስሉም ነበር። ዓይናቸው በልጅቱ ትከሻ አልፎ ወደ ውስጥ ገብቷል። የራሄል ወንበር ጀርባ ላይ እሳቸው ኤርፖርት በብርድ ሲሠሩ ይለብሱት የነበረው፣ ጠፋብኝ ያሉት አሮጌ ጃኬት ተሰቅሏል። እጅጌው ታጥፏል፤ ለትንሽ ክንድ እንዲሆን።

ሻንጣውን ከግራ እጅ ወደ ቀኝ አዛወሩ። ደረጃውን ስንወርድ፣ "ፋርመርስ ብራንች እንደሆነች ታውቅ ነበር" አሉኝ። መኪናዋ ነች የምታውቀው አልኳቸው። "ሶ፣ ንዳ" አሉ። ጋሽ ደምሴ "ሶ" ሲሉ ብዙ ተናደዋል ማለት ነው።

ገና ሰዓት ስለነበረን አንድ የህንድ ምግብ ቤት አስገባኋቸው፤ ቤቱ ሥጋም እንቁላልም አያውቅም። አስተናጋጁ የክንድ ርዝመት ያለው፣ ተጠቅልሎ የደረቀ ነገር አመጣልን፤ ዶሳ ይሉታል፤ ያኮረፈ እንጀራ ይመስላል። ጋሽ ደምሴ የጾም መሆኑን ሦስት ጊዜ አስጠየቁኝ። አስተናጋጁ ደረቱን ነፍቶ፣ በዚህ ቤት ነፍስ ያለው ነገር አይገባም አለን። ቅቤስ? አልኩት። ፊቱ በራ፤ ንጹሕ ቅቤ ነው፣ በልግስና የተቀባ፣ አለኝ። ጋሽ ደምሴ ሳህኑን በአንድ ጣት ገፉት።

"ይኸው" አሉ። "ቅቤው እዚህም ደረሰ።"

በዘይት ተጋግሮ ሌላ መጣላቸው። ሲበሉ አስተናጋጁን ከሩቅ ያዩታል። ዕድሜ ልኩን ሥጋ ያልቀመሰ ሰው ቅቤን ምንም አለማለቱ አልገባቸውም። እሱም የዓመቱን እኩሌታ ቅቤ የማይነካ ሰው በፋሲካ በሬ የሚያርድበት ምክንያት ቢነገረው እንደማይገባው ነገርኳቸው። ለመጀመሪያ ጊዜ ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ፤ ሳቅ ለማለት አይበቃም።

ፋርመርስ ብራንች፣ ቀትር

አዳራሹ መጋዘን ነው። በአንድ ጎኑ የወለል ንጣፍ የሚሸጥ፣ በሌላ ጎኑ የአየር ማቀዝቀዣ መለዋወጫ የሚያከማች ድርጅት አለ፤ መሀል ላይ ህንዶቹ በሩን ቢጫ ቀብተው የአበባ ጉንጉን ሰቅለውበታል። ደጁ ላይ ጫማ ይወለቃል። ጋሽ ደምሴ ጎንበስ ብለው ጫማቸውን ሲፈቱ፣ "ቢያንስ ይህን ያውቃሉ" አሉ። እንደዚህ ሆነው ገቡ፤ በካልሲ፣ በነጠላ፣ በሻንጣ።

ከፊት ዘጠኝ ወንበር ተደርድሯል። ስድስቱ በቀኝ በኩል አንድ ላይ፣ ሦስቱ በግራ ለብቻቸው። በየወንበሩ ጀርባ ላይ ስም ተሰፍቷል። ራሄል በግራ በኩል ካለው የመጨረሻ ወንበር አጠገብ ቆማለች። አንገቷ ላይ ወፍራም ሻርፕ ጠምጥማለች። ጋሽ ደምሴ አዩት፤ እኔም አየሁት።

እዚህ ላይ ነገሩ ከእጄ ወጣ። ስብሰባውን የሚመሩት ዶክተር ናራያን፣ የራሄል አስተማሪ፣ ነጭ ጺማቸው እስከ ደረታቸው የወረደ ሽማግሌ ናቸው። ለካ ከሂዩስተን በአውሮፕላን የሚመጣ ተከራካሪ እንግዳ እየጠበቁ ኖሯል። ሻንጣ የያዘ፣ ነጭ የደረበ፣ ፊቱ የከበደ ሰው በበሩ ሲገባ አይተው ይኸው መጣ ብለው ሁለት እጃቸውን ደረታቸው ላይ ገጥመው ጎንበስ አሉ። ጉባኤው ተነሣ። ጋሽ ደምሴም ሰላምታን መመለስ ግዴታቸው ነውና ጎንበስ አሉ። ወደ ፊት ወሰዷቸው። ራሄል እጇን አፏ ላይ አድርጋ ቀረች። ከዚያ በእንግሊዝኛ፣ በቀስታ፣ "እንግዳው አይደለም፤ አባቴ ነው" አለች።

ዶክተሩ አልደነገጡም። "እንግዲያው ከእንግዳው ይበልጣሉ" አሉና ወንበር አቀረቡላቸው። ከዚያ ለአዲስ መጤ የሚገባውን ሁሉ አብራሩ፤ እኔ ጆሯቸው ሥር ተቀምጬ በአማርኛ አቀበልኩ።

በስተቀኝ ያሉት ስድስቱ ተቀባዮች ናቸው፤ በግራ ያሉት ሦስቱ እምቢ ባዮች። ጋሽ ደምሴ ቶሎ ብለው፣ እግዚአብሔርን የተቀበሉና የካዱ ማለት ነው ወይ ብለው አስጠየቁ። አይደለም አሉ ዶክተሩ። ቬዳ የሚባሉትን የጥንት ቅዱሳት መጻሕፍት ቃል የተቀበሉና ያልተቀበሉ ማለት ነው። ከስድስቱ መካከል ፈጣሪ የለም እያለ መጽሐፉን የተቀበለ አለ፤ እሱም ከተቀባዮች ተቆጥሮ በክብር ይኖራል። ሚማንሳ የሚባሉት ለምሳሌ፣ የሥርዓቱን ትእዛዝ ከዳር እስከ ዳር ይፈጽማሉ፤ ዓለምን የፈጠረ አለ ወይ ስትላቸው ግን አያስፈልግም ይሉሃል። ጋሽ ደምሴ፣ "ደብዳቤውን ስሞ ላኪውን መካድ?" አሉ። ይህን ስተረጉም ከሚማንሳ ወንበር ላይ የተቀመጠው ወፍራም ሰውዬ በደስታ ራሱን ነቀነቀ።

ሌሎቹንም በየተራ ሰማን። ንያያ የሚባሉት ያለ ማስረጃ እንደምን አደርክ የማይሉ ናቸው፤ ተራራ ላይ ጭስ ካዩ እሳት አለ ይላሉ፣ ግን እንዴት አወቅህ ብለው ራሳቸውን እስኪመሽ ይመረምራሉ። ቫይሼሺካ ዓለሙን እስከማይቆረጥ ቅንጣት ድረስ ይቆርጣሉ። ሳንኽያ ዝም ብሎ የሚያይ መንፈስና ሥራ የማትፈታ ተፈጥሮ አሉ ይላሉ፤ የእኔና የአልማዝን ቤት አይተው የጻፉት ይመስላል። ዮጋ ያንኑ በሰውነትና በትንፋሽ ይለማመዱታል። ቬዳንታ ደግሞ፣ ቢያንስ አንደኛው ወገናቸው፣ አንተና የሁሉ ምንጭ አንድ ናችሁ ይላል። በግራ በኩል ጉንዳን እንዳይረግጡ መሬት የሚጠርጉት፣ አንድ ነገር ከአንድ ጎን ብቻ አይታይም የሚሉት ጃይኖች አሉ። "እኔ" የምትለው ነገር እንደ ወንዝ የሚያልፍ ነው የሚሉት የቡድሃ ተከታዮች አሉ። የመጨረሻው፣ ራሄል አጠገቡ የቆመችበት፣ ቻርቫካ ነው። በዓይን ከሚታየው፣ በእጅ ከሚዳሰሰው በቀር እውቀት የለም፤ ነፍስ ከሥጋ ጋር ትጠፋለች የሚሉት ናቸው። ራሄል ከወር በፊት ይህ ወንበር የደረሳት በዕጣ ነው።

"የራሱ ሰው የለውም?" አሉ ጋሽ ደምሴ።

የለውም አሉ ዶክተሩ። ቻርቫካዎች ከጠፉ ብዙ ዘመን ሆኗል፤ መጻሕፍታቸውም ከሞላ ጎደል ጠፍተዋል። ቃላቸው የቀረው በተቃዋሚዎቻቸው መጻሕፍት ውስጥ ነው። ምክንያቱም በህንድ ሊቃውንት ዘንድ ሕግ አለ፤ መልስ ከመስጠትህ በፊት የባላጋራህን ሐሳብ ራስህ ማቅረብ አለብህ። የቀደመ ወገን ይሉታል። ባላጋራህ "አዎ፣ የኔ ቃል ይህ ነው" እስኪል ድረስ ያንተን መናገር አይፈቀድልህም። "አባት ከልጅ ጋር ሊከራከር ሻንጣ ይዞ ከመጣ ሕጉ ይሠራል" አሉ፤ ሻንጣው የምን እንደሆነ ሳያውቁ።

ጋሽ ደምሴ በማኅበራችን ስብሰባ በላ ልበልሃ ብለው ከቆሙ ሊቀመንበር የሚያስለቅቁ ሰው ናቸው። ተነሡ፤ ነጠላቸውን አስተካከሉ፤ "እኔ የምለው" ብለው ሲጀምሩ ዶክተሩ እጃቸውን አነሡ። የርስዎን አይደለም፤ የሷን።

"የባላጋራዬ ጠበቃ ልሁን ነው የሚሉኝ?" አሉኝ።

"እንደዚያ ነው።"

ትንሽ አሰቡ። "ይህች ልጅ የምትለው፣ ሁሉም ነገር ሆድ ነው፤ ጾምም ጸሎትም ከንቱ ነው፤ ቅቤ ጠጡ ነው።"

እኔ አስታራቂ ነኝና ለጉባኤው፣ ልጃቸው ምግብ እንደምትወድ ይናገራሉ ብዬ ተረጎምኩ። ራሄል አፈጠጠችብኝ። "ጋሽዬ፣ እንደዛ አላለም። በትክክል ተርጉም፣ ፕሊስ።" ከዚያ ቀጥ አድርጌ ተረጎምኩት። ዶክተሩ ወደ እሷ ዞሩ፤ ያንቺ ነው? አይደለም አለች። የቅቤው ነገር ጠላቶቻቸው እነሱን ለማሳነስ የሚጠቅሱት ነው፤ እሷም ያን ዕለት ቅቤውን ያነሣችው ይህንኑ ለማስረዳት ነበር። በመስኮት የሚያዳምጥ ሰው ግማሹን ሲሰማ ግማሹን መኪና መጥቶበታል።

ጋሽ ደምሴ እንደገና ሞከሩ። "እንግዲያው ዓይኔ ካላየ አላምንም ነው የምትይው። ነፋስንስ በየትኛው ዓይንሽ . . ."

መልስ አይጨመርበትም አሉ ዶክተሩ። ያንቺ ነው?

"ቀረብ ብሏል" አለች ራሄል። "ግን የኔ አይደለም።"

ጋሽ ደምሴ ወደ ወንበራቸው አልተመለሱም። እግራቸው ሥር ያለው ሻንጣ ላይ ተቀመጡ፤ እሳቸው በሻንጣው ላይ ሳይሆን ሻንጣው በእሳቸው ላይ የተጫነ ይመስል ነበር። ከዚያ ወር ሙሉ ያልጠየቁትን ጠየቁ።

"ታዲያ የምትይው ምንድን ነው፣ ልጄ?"

ራሄል አማርኛዋ ይሰባበራል። ወደ እንግሊዝኛ አልሸሸችም። "እማዬ ስትሞት እጇን ይዤ ነበር፣ አባዬ። ሞቃት ነበር። ከዛ ቀዘቀዘ። ሰዎቹ ሁሉ አታልቅሺ፣ ሄዳለች፣ ጥሩ ቦታ ናት አሉኝ። ማለቴ . . . እነሱ አላዩም። እኔ እጇን ነው ያየሁት። እኔ እምለው፣ ካየሁት ልጀምር ነው። ከዛ ተነስቼ እግዚአብሔር ጋ ከደረስኩ፣ ኦኬ፣ እደርሳለሁ። ግን ያላየሁትን አየሁ ብዬ ለሷ መዋሸት አልፈልግም።"

ይህን አልተረጎምኩም። ማንም ተርጉም አላለኝም።

ጋሽ ደምሴ ከሻንጣው ላይ ተነሥተው ነጠላቸውን ሰበሰቡ። የበላ ልበልሃው ድምፃቸው አልነበረም፤ የንባብ ድምፅ ነበር፣ ዲያቆን ሳሉ የነበራቸው መሰለኝ። "ይህች ልጅ እንዲህ ትላለች። የእናቴን እጅ ይዤ ነበር። ሞቀ፤ ቀዘቀዘ። ከዚያ ወዲያ ያለውን አላየሁም። ሰዎች ያላዩትን ነግረው እንባዬን ቀሙኝ። ስለዚህ ከቀዘቀዘው እጅ እጀምራለሁ። አምላክን አልካድኩም፤ አልደረስኩበትም። ለእናቴ ግን አልዋሽም።"

"አዎ" አለች ራሄል። "የኔ ቃል ነው።"

አሁን መልስዎን ይችላሉ አሏቸው ዶክተሩ። "መልሱን ይዤ ነበር የመጣሁት" አሉ ጋሽ ደምሴ፣ እጃቸው ሻንጣው ላይ እንዳለ።

ሕጉ በሁለቱም በኩል ነው፤ ተራው የራሄል ሆነ። ከወንበሩ አጠገብ ወጥታ አባቷ ፊት ቆመች።

"አባቴ እንዲህ ይላል። ካየሁት ብቻ ብሄድ ኖሮ ሱዳን አልደርስም ነበር። መንገዱን አላየሁትም። ማታ ማታ እየጸለይኩ ሄድኩ፣ አንቺን ተሸክሜ፣ ደረስን። ሶ፣ እኔ አምኜ ነው ያየሁት። እናትሽን አፈር አለበስኳት፤ ስሟን ግን በየዓመቱ ቤተ ክርስቲያን አስጠራለሁ። ስሙ የሚጠራለት ሰው አልጠፋም። አንቺ ካላመንሽ . . ." እዚህ ላይ አንድ እርምጃ ወደ አባቷ ተጠጋች። "አንቺ ካላመንሽ፣ እኔ ስሞት የኔን ስም ማን ይጠራዋል? አባቴ የተቆጣው በቅቤ አይደለም። ይሄን ነው የፈራው።"

ዶክተሩ ወደ ጋሽ ደምሴ ዞሩ። መተርጎም አላስፈለገም።

"ነው" አሉ ጋሽ ደምሴ። "ቃሌ ነው። እኔም እንዲህ አድርጌ አልተናገርኩትም።"

ከዚያ በኋላ የሁለቱ መልስ ይቀጥል ነበር። ግን አዳራሹ ለማታ ሰርግ ተከራይቷልና አበባ የተሸከሙ ሰዎች ገብተው ወንበሮቹን ማጠፍ ጀመሩ። ተቀባዮቹም እምቢ ባዮቹም አንድ ጋሪ ላይ ተደራርበው ወጡ። የሂዩስተኑ እንግዳ በመጨረሻ ሲደርስ ያገኘው የሙሽራ ዙፋን ነበር።

ወደ ዩለስ፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ

ራሄል ከእኛ ጋር ገባች። ከኋላ፣ ከሻንጣው አጠገብ። ሰማዩ በቴክሳስ ልማድ ከዳር እስከ ዳር ቀልቷል። ሻርፑን አልፈታችውም፤ ጋሽ ደምሴም በመስታወቱ ወደ ኋላ ሲያዩ ዓይናቸው ፊቷ ላይ እንጂ አንገቷ ላይ አላረፈም። ማተቡ ይኑር አይኑር እኔ በበኩሌ እስከዛሬ አላወቅሁም።

አርቪንግን ስናልፍ "ሻንጣው የምንድን ነው?" አለች። ለዚህ ጥያቄ ሰባት የሚያምሩ ውሸቶች ከንፈሬ ላይ ተሰልፈው ነበር። ጋሽ ደምሴ ቀደሙኝ።

"ያንቺ ዕቃ ነው። ልሰጥሽና ቤቴ አትምጪ ልልሽ ነበር የመጣሁት።"

ራሄል እጇን ቀበቶው ላይ አሳረፈች። ጠዋት ቆመን የነበርንበትን ማደያ አለፍን። እኔ ሬዲዮ እንኳ አልከፈትኩም፤ ይህን የሚያውቁኝ ሰዎች አያምኑም።

"ካላመንሽ" አሉ ጋሽ ደምሴ ወደ መንገዱ እያዩ፣ "ስሜን ብትጠሪው ምን ይረባል?"

"ቻርቫካዎችን የጠሯቸው ያላመኑባቸው ናቸው፣ አባዬ። ለዛ ነው ዛሬም ያሉት።" ቃል ፈለገች። "ቄሱ ጋ ሄጄ አስጠራሃለሁ። ስለ አንተ ከጠየቁኝ ደግሞ ያልከውን እላለሁ፤ የኔን ሳልቀላቅል።"

የኤርፖርቱ መብራቶች መታየት ሲጀምሩ፣ "ሳታጎድዪ" አሉ ጋሽ ደምሴ።

"ሳላጎድል።"

ዩለስ ስንደርስ ፓርክ አድርጌ ሻንጣውን ላወጣ ስል ሁለቱ ያዙት። ይከብድሻል አሏት፤ አንዱን ጫፍ ብቻ አለች። ደረጃውን በጎን እየወጡ፣ እሳቸው ከላይ እሷ ከታች፣ መታጠፊያው ላይ ትንሽ ቆመው ትንፋሽ ሰበሰቡ። የዓለምን ሻንጣ ብቻቸውን ያነሡ ሰው ናቸው።

አልማዝ የሆስፒታል ልብሷን ሳትቀይር ደጃችን ላይ ትጠብቀኛለች። "ማን ረታ?" አለችኝ።

"መልሱ ጋ ገና . . ." ስል አውሮፕላን በላያችን አለፈ። እስኪያልፍ ጠበቀችኝ፤ ጆሮዋን ሰጥታ። ድምፁ ሲርቅ ዓረፍተ ነገሬን አልጨረስኩትም፤ እሷም ጥያቄዋን አልደገመችም። ከላይ፣ ከጋሽ ደምሴ ክፍት መስኮት፣ የሻንጣው ቀበቶ ዘለበት ሲፈታ ሁለታችንም ሰማነው።